ማንም ያልጠየቃት ሙሽራ

ቦሄንግ የገዛ ስድቡን በገዛ እጁ ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት በየትኛው ሸንጎ ተፈርዶ ያውቃል? አንዷን የማተሚያ የእርሳስ ፊደል ከመደርደሪያው ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ያሻታል፣ ከጓደኞቿ ጎን ያሰልፋታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። የጽሑፉ ርእስ «ባሌ አውራ ዶሮ» ይላል። ጸሐፊዋ ፋን ዪንሹ ከበስተኋላው ቆማ የመጻፊያ ብሩሿን ታጥባለች። በጽሑፉ ውስጥ አፈር ድሜ የምታስግጠው ባል ደግሞ ራሱ ቦሄንግ ነው። እሷ ግን ይህን አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሉ ቤት ከቼንዱን ከተማ ወንዙን ይዘው ሲወርዱ ባለችው መንደር የታወቀ የሐር ነጋዴ ቤት ነው። የቤቱ አንድ ልጅ ቦሄንግ ለትምህርት ጃፓን በሄደበት ጊዜ እናቱ እመቤት ሉ ምራት ሳላይ ልሙት ነው ወይ አሉ። ሙሽራው በሌለበት ቀይ ጥብጣብ የታሰረለት አውራ ዶሮ በእሱ ቦታ ቆሞ ከሙሽሪት ጋር ለቅድመ አያቶች ይሰግዳል፤ ደንብ ነው። ይህንኑ ለልጃቸው ጻፉለት። ደብዳቤው ገና ባሕር ሳይሻገር የእሱ የዘመን መለወጫ ደብዳቤ ደረሰ። ቦሄንግ በደንብ እንዳደገ ልጅ ሁሉ ደብዳቤውን የሚዘጋው «በሁሉም ነገር የእናቴ ፈቃድ ይፈጸም» ብሎ ነበር። እናት አነበቡት፣ ልጄ እሺ አለ ብለው አጨበጨቡ፣ ከበሮው ተመታ።

ዪንሹ የአንድ ድሃ መምህር ልጅ ናት። አባቷ ማንበብና መጻፍ አስተምሯት ሞተ፤ አጎቷ ዳራት። ከአውራ ዶሮ ጋር ሰገደች፤ ዶሮውም በመሀል ጮኾ ጫማዋን አበላሸው፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አማቷን አገለገለች። አንድ ቀን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ እንዳያድግ የጠፈረውን ጨርቅ ፈታችው፣ እግሯን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ እያነከሰች በፊት ለፊቱ በር ወጥታ ሄደች። በጓሮ በር አይደለም፤ በፊት ለፊቱ በር!

ቦሄንግ ከጃፓን ሲመለስ የጠበቀው ባዶ ክፍልና የሚራገሙ እናት ነው። ያቺን ሴት ፈልጌ ይቅርታ ካልጠየቅኩ ሰው አይደለሁም አለ። ቼንዱን ላይ አገኛት፤ ከጃንጥላ ሠሪው ሱቅ ጀርባ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታ «በሩን ክፈቱ» የሚባል ጋዜጣ ታሳትም ነበር። ቦሄንግ ነኝ ሊላት ነው የሄደው። ቀና ስትል ግን አገጯ ላይ ቀለም ነበረባት፣ ዓይኗ ደግሞ የሰው ሆድ ድረስ የሚያይ ዓይን ነው። ወኔው ከዳው። «ሊን እባላለሁ። ፊደል መልቀም እችላለሁ» አለ አፉ፣ እሱን ሳያማክር። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ሊን ሆኖ ቀረ። ለይቅርታ የመጣው ሰው በፍቅር ታስሮ ተቀመጠ።

«አቶ ሊን፣ ዛሬ እጅዎ ዘገየ» አለች ዪንሹ።

«ብርድ ነው።»

«በዚህ ሙቀት? ነው ወይስ ጽሑፌን አልወደዱትም?»

«ወድጄዋለሁ፣ መምህርት። ብቻ... ባልየው ላይ ትንሽ አልበዛበትም?»

«እንዴ! ጠበቃ አቁሞ ሄዷል እንዴ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ስትስቅ ክፍሉ ይሰፋል። ይህን ያስተዋለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ማንበብ የማይችሉት የገበያ ሴቶች እንኳ ጋዜጣው ሲነበብልን ሳይሆን እሷ ስትስቅ ለመስማት ነው የምንመጣው ይላሉ።

«ምናልባት ባያውቅስ?»

ሳቋ ቀዘቀዘና ከወረቀቱ ክምር ላይ ተቀመጠች። በታጠፈው እግሯ ብዙ መቆም አትችልም፤ ለማንም ግን አመመኝ ብላ አታውቅም። «እሱን አልጠላውም፣ አቶ ሊን። እናቱንም አልጠላቸውም። የሚያንገበግበኝ ምን መሰለዎት? ሁሉም ተጠየቀ። አጎቴ ተጠየቀ፣ የሠርግ ቀን የሚመርጠው ኮከብ ቆጣሪ ተጠየቀ፣ አማላጇ ተጠየቀች፣ የሞቱት አያቶች ሳይቀሩ ዕጣን ተጭሶ ተጠየቁ። አንድ ሰው ዞር ብሎ አንቺስ ቢለኝ ምን ነበረበት? ማን ያውቃል፣ እሺ እል ይሆናል።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። በመካከላቸው የነበረው የፊደል መደርደሪያ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ሁለቱም ያን ጊዜ ነው ያስተዋሉት፤ የዪንሹ ጆሮ ቀላ።

«መምህርት፣ እኔ አንድ የምነግርዎት...»

አልጨረሰውም። ከተማሪዎቹ አንዷ እያለከለከች ገባች። «እትዬ ዪንሹ! ወታደሮች ድልድዩ ላይ ናቸው! ስምሽን እየጠሩ ነው!»

ጋዜጣ ብቻ አልነበረማ። በጎረቤት አውራጃ ንጉሠ ነገሥቱን ሊጥሉ ከተማማሉት ሰዎች አንዷ ዪንሹ ናት፤ ቦሄንግም ይህን ያውቃል። እዚያ ከተያዙት ሰዎች መካከል አንዱ በዱላ ብዛት ስሟን አውጥቷል። ከቤቱ ሁሉ ያልደነገጠች እሷ ብቻ ነበረች። ልጆቹን በጓሮ በኩል ወደ ጃንጥላ ሠሪው ጀልባ ሰደደችና ወደ እሱ ዞረች።

«አቶ ሊን፣ ይዘዋቸው ይሂዱ።»

«አንቺስ?»

አመለጠው። «እርስዎ» ማለቱም ጠፋው። ዪንሹ ባለችበት ቀጥ አለች፤ ቃሉ ልቧ ውስጥ ሲገባ ፊቷ ላይ ታየ።

«እኔ ከሸሸሁ የሚይዙት ልጆቹን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሂድ። እባክህ ሂድ።»

ሄደ። በጃንጥላ አጽም በተሸፈነው ጀልባ ውስጥ ከሚንቀጠቀጡት ልጆች መሀል ተጣጥፎ ተኝቶ፣ እሱን «አንተ» ያለችበትን ድምፅ ደጋግሞ እየሰማ ያለቅስ ነበር።

ልጆቹን የወሰዳቸው ሌላ የት ይወስዳቸዋል? እናቱ ቤት ነው፤ የሐሩ መጋዘን ውስጥ። በማግስቱ ጃንጥላ ሠሪው ወሬ ይዞ መጣ። የቼንዱኑ ሹም በከተማው ደም እንዲፈስ የማይፈልግ፣ እንቅልፉን የሚወድ ሰው ነው፤ ይህቺ ሴት ባል ቢኖራትና መጥቶ ቢረከበኝ እብድ ናት ብዬ እገላገል ነበር እያለ ነው አሉ። ቦሄንግ ይህን ሲሰማ ሮጦ እናቱ እግር ላይ ወደቀ።

«የጋብቻውን ወረቀት ስጡኝ፣ እማዬ። እርስዎም ይመስክሩልኝ።»

«ለማን? ለዚያች እግሯን ፈትታ፣ ስሜን ለዓሣ ሻጭ ሁሉ መሳቂያ ላደረገችው?»

«ለእሷ።»

«አንተስ የት አወቅካት?»

«ፊደል ስለቅምላት ነበር።»

«ፊደል! የሉ ቤት ልጅ! ለምን ብለህ?»

«እወዳታለሁ፣ እማዬ።»

እመቤት ሉ የያዙትን ማራገቢያ አስቀመጡ። በዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም። «የገዛ ሚስትህን?» አሉ።

«የገዛ ሚስቴን።»

«እንግዲህ ይህን ነውር ለሰው እንዳታወራ» አሉና የጋብቻውን ወረቀት ከሣጥን አውጥተው እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ አሽከሮቹ እስኪደነግጡ ድረስ ጮኹ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ጀልባ አዘጋጁ! ደግሞ መጋዘኔ ውስጥ ላሉት ልጆች ሩዝ ስጧቸው፤ በረሃብ ሐሬን እንዳይበሉት!»

ሸንጎው ጢም ብሎ ሞልቷል። ዪንሹ እጇን ታስራ መሀል ወለሉ ላይ ተንበርክካለች፤ አንገቷ ግን አልተንበረከከም። ከሹሙ ጎን ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከሃንግጆ የመጣ ቀጭን መኮንን ተቀምጧል።

«ይህቺ ሴት ባል የላትም?» አሉ ሹሙ እያዛጉ። «የሚረከባት ሰው የለም?»

«አለ!» ቦሄንግ ሰዉን ጥሶ ገባና ተንበረከከ። «ባሏ እኔ ነኝ። ሉ ቦሄንግ እባላለሁ። እናቴም ምስክሬ ናቸው።»

ዪንሹ ዞረች። ወይ ያ ዞር ማለት! መጀመሪያ አቶ ሊንን አይታ ዓይኗ በራ። ቀጥሎ ስሙ ገባት፤ ክው አለች። ከዚያ ንዴት መጣ፣ ከንዴቱ ኋላ ሳቅ ሊያመልጣት ደረሰ፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቦሄንግ ይህን ሁሉ አየና በዚያች ቅጽበት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

መኮንኑ ብሩሹን አነሳ። ድምፁ ማር ነው። «ደግ። ባልና ሚስት ናችሁ። ቤታችሁ የት ነው? በቤቱ ስንት ነፍስ አለ? እኚህ እናትህ ናቸው?»

«የሉ ቤት ናታ!» አሉ እመቤት ሉ ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን ወረቀቱ ወዳለበት ወደ እጅጌያቸው እየከተቱ። «ከቤተ መቅደሱ ጎን፣ ትልቁ በር...»

ዪንሹ የመኮንኑን ብሩሽ አየች። ቀጥሎ አማቷን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ያ ክፍል የሚያሰፋው ሳቋ ሸንጎውን ሞላው።

«ክቡርነትዎ፣ ይህን ሰው አላውቀውም። እኔ ያገባሁት አውራ ዶሮ ነው፤ አገር አንብቦታል። ይሄ ሰው ዶሮ ይመስላል? እንዲያው ጽሑፌን አንብቦ ልቡ የተነካ ጅል ነው። በየከተማው አሉ እንዲህ ያሉ። እኚህንም አሮጊት ይተዉአቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሹሙ ሳይቀሩ ሳቁ።

«ዪንሹ!» አለ ቦሄንግ። «አትካጂኝ! እማዬ፣ ወረቀቱን አሳዩአቸው!»

እመቤት ሉ እጃቸው እጅጌያቸው ውስጥ እንዳለ ቆሙ። ምራታቸውን አዩአት። እጃቸውን ባዶውን አወጡ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ። የኔ ምራት ይህቺ አይደለችም።»

መኮንኑ ፊቱን አጠቆረ፤ ሹሙ ግን ቀልድ ሰምቻለሁ፣ በቃኝ ብለው እናትና ልጅን በዱላ አስወጡአቸው። ዪንሹ በጠዋት ጀልባ ሃንግጆ ሄዳ እንድትዳኝ ተፈረደ። ሃንግጆ የሄደ ደግሞ ሲመለስ የታየ የለም።

ከበሩ ውጪ ቦሄንግ እንደ እብድ ሆነ። «ገደሏት! በአፍዎ ገደሏት! እሷስ ብትጠላኝ እውነቷን ነው፣ እርስዎ ግን...»

«ዝም በል!» እመቤት ሉ በተጠፈሩት ትንንሽ እግሮቻቸው እየተንገዳገዱ መጡበት። «ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርከው ይህን ሳትማር ነው? አመፀኛ ያለበት ቤት አብሮ ነው የሚጠረገው። ያ ሰውዬ ብሩሹን ያነሳው ሊለቃት መሰለህ? አንገትህን ሊጽፍ ነው፣ አንገቴን ሊጽፍ ነው፣ መጋዘን ያሉትን ልጆች ሊጽፍ ነው! እኔም ደንቆሮዋ የቤቴን በር ስነግረው ነበር። እሷ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።» እጅጌያቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት ጨበጡ። «ጠዋት ጠዋት የፊት ውሃዬን ስታመጣልኝ ሙቀቱን በክንዷ ትለካና ይበቃዎታል ወይ ትለኝ ነበር። እንደዚያ አድርጋ አየችኝ። አንድም ቀን እግዜር ይስጥሽ ብያት አላውቅም።»

ቦሄንግ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ። የተጠላ መስሎት ነበር፤ የተወደደበትን ልክ ሲያውቅ ግን ይበልጥ አቃጠለው።

በማግስቱ ጠዋት የቼንዱን ሰው በሙሉ ወንዝ ዳር ወጣ። ዪንሹን አመጧት፤ ፀጉሯ ተፈትቷል፣ እግሯ አብጧል፣ ግን ማንንም ሳትደገፍ ትራመዳለች። ገበያተኞቹ ሴቶች ወደ ወንዙ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግራና ቀኝ ቆመው ጎንበስ ብለው አሳለፏት። እንዲህ ያለ ክብር ለሹሙም ተሰጥቶ አያውቅም።

ወደ ሞት የሚሄድን ሰው ማብላት ጽድቅ ነው፤ የሚከለክልን ወታደር ደግሞ መናፍስት ይጣሉታል። ስለዚህ እመቤት ሉ ሳህን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ማንም አላቆማቸውም። ክንዳቸውን የያዘው ልጃቸው ነው። በሳህኑ ውስጥ በስኳር ውሃ የተቀቀለ የሩዝ ሊጥ ድብልብል አለ። በዚያ አገር ይህን ከአንድ ሳህን የሚበሉት ሙሽሮች ናቸው። ጠባቂው ወታደር የሰሜን ሰው ስለሆነ ምኑንም አያውቅም። ዪንሹ ግን ሳህኑን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ብይ ልጄ» አሉ እመቤት ሉ። ማንኪያውን በከንፈራቸው ጫፍ ሞከሩት። «ሙቀቱ ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል፣ እማማ» አለች ዪንሹ። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ጎረሰች። ስታኝክ ዓይኗ ቦሄንግ ላይ ነው። ከዋጠች በኋላ ለወታደሩም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንተ አይደለህ ትናንት ባሏ ነኝ ያልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደፋር ነህ! ሚስት የፈለገ ሰው እኮ መጀመሪያ ይጠይቃል።»

ወታደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ንገሪው! ንገሪው እንጂ!»

ቦሄንግ የፈለገችው ገባው። እናቱን ለቀቀና እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ ያበጠው እግሯ አጠገብ ተንበረከከ። ቀና ብሎ አያት።

«እየጠየቅኩሽ ነው። ፋን ዪንሹ፣ አጎትሽን አይደለም፣ አያቶችሽንም አይደለም፤ አንቺን ነው። ታገቢኛለሽ?»

ወታደሩ ገና እየሳቀ ነው። ዪንሹ ግን አልሳቀችም። ዝቅ ብላ አየችው፤ ያቺ በሸንጎ ፊት ያላጎነበሰችው አንገቷ ለእሱ ጎንበስ አለች። ቶሎ አልመለሰችም። ጥያቄዋ ነው፣ የእሷው ነው፤ እንደ ልቧ ያዘችው።

«እሺ» አለች።

ሌላ ምንም አልጨመረች። እመቤት ሉ የተረፈችውን አንዷን ድብልብል በዚያው ማንኪያ አንስተው ልጃቸው አፍ ውስጥ ከተቱ። «ዋጥ» አሉት፣ እንቢ በማይባል ድምፅ። እያለቀሰ ዋጠ።

«በሉ በቃ፣ ጨዋታው ይብቃ» አለ ወታደሩ፤ ዪንሹን ይዞ ወደ ጀልባው ገባ። እሷም ቀና ብላ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። ጀልባው ድልድዩን አልፎ እስኪሰወር ድረስ ፊቷ ወደ ኋላ ነበር።

አንዲት ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷን አስቀምጣ ወደ ሁለቱ ተጠጋች። «ለመሆኑ ምናችሁ ናት?» ብላ ጠየቀች።

እመቤት ሉ መልሱን ለልጃቸው ተዉለት። ቦሄንግ ከተንበረከከበት ገና አልተነሳም፤ ውሃውን እያየ ነበር።

«ሚስቴ ናት» አለ።